ሦስት ልጆች በአንድ ዴስክ፦ የሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ከአንድ ዓመት በኋላ

ሙያዬ እንጨት ሥራ ነው። የትም ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ዕቃው ላይ ነው። የልጄን ትምህርት ቤትም መጀመሪያ ያየሁት በዚያው ዓይን ነው። አንደኛ ክፍል ገባሁና ዴስኩን አየሁ። ሜትር ከኪሴ ስለማይጠፋ ለካሁት። 1 ሜትር ከ20 ነው። የተሠራው ለሁለት ልጅ ነው፤ የሚቀመጡበት ግን ሦስት ናቸው። ለአንድ ልጅ 40 ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል ማለት ነው። ደብተር ዘርግቶ፣ ክንድን አሳርፎ ለመጻፍ 40 ሳንቲ ሜትር አይበቃም።

እያየሁ ነው ያስገባኋት። አሁን ዓመቱ አልቋል፤ ልጄም ወደ ሁለተኛ ክፍል አልፋለች። የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ "እንዴት ነው፣ ጥሩ ነው?" ይለኛል። በአንድ ቃል የሚመለስ አልሆነልኝም። ስለዚህ ያየሁትን ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ጥሩውንም ጉድለቱንም ሳልሳቀቅ መናገር ስለፈለግኩ ነው።

ከሱ በፊት ሌላ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። እሱም የመንግሥት ነው፤ ስሙ ግን የገነነ ነው። ከቤታችን በአውቶቡስ 40 ደቂቃ ይወስዳል። ዘመዱም ጎረቤቱም "እዚያ አስገባት፣ ሌላ ቦታ አትድከም" ይለኝ ነበር። ለምን ስል መልሱ አንድ ነው፦ "ስም ያለው ትምህርት ቤት ነዋ!" ሄጄ አየሁት። ሕንፃው ያምራል። ግቢው ሰፊ ነው። መግቢያው ላይ ዋንጫ የተደረደረበት ቁም ሳጥን አለ፤ የእንጨቱን አሠራር ሳላደንቅ አላለፍኩም።

የሄድኩት ግን ጥያቄ ይዤ ነው። ጥያቄዎቹን የሰጡኝ ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ 31 ዓመት ያስተማሩት ትንንሾቹን ነው። "ሕንፃውን ተወው ልጄ" አሉኝ። "ሦስት ነገር ብቻ ጠይቅ። አንደኛ ክፍልን የሚያስተምረው ማን ነው? እዚያ ስንት ዓመት ቆየ? አንድ ልጅ ብቻውን ሲያነብ መምህሩ በስንት ቀን አንዴ ይሰማዋል?"

ሦስተኛው አልገባኝም ነበር። አስረዱኝ። ልጆች በአንድ ላይ ሲያነቡ ሁሉም የሚያነብ ይመስላል። ድምፁ ደስ ይላል። ከመካከላቸው ግን ፊደሉን ሳያውቅ ከጓደኞቹ አፍ እየተቀበለ የሚጮህ ልጅ አለ። ብቻውን ካልተሰማ ማንም አያውቅበትም። አንደኛን ያልፋል፣ ሁለተኛን ያልፋል። ሦስተኛ ክፍል ላይ ጽሑፉ ሲረዝም ነገሩ ይወጣል። ያኔ "ሰነፍ" ይባላል። "ስንቱ ልጅ እንዲህ ሆኖ ቀረ መሰለህ" አሉኝ እትዬ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ባለ ስሙ ትምህርት ቤት ምዝገባውን የያዙትን ሰው ሦስቱንም ጠየቅኳቸው። ትሑት ሰው ናቸው። ለሁለቱ "መምህራን ገና አልተመደቡም" አሉኝ። ለሦስተኛው ትንሽ አሰቡና "እንደ መምህሩ ነው" አሉ። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ አለ ስላቸው 61 አሉኝ። ከሰፈራችን ይበልጣል። ስሙን ሰምቶ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሰው ነው የሞላው።

ማታ ከባለቤቴ ጋር አወራን። የእሷ ሐሳብ ሌላ ነበር። "የ6 ዓመት ልጅ በቀን 80 ደቂቃ አውቶቡስ ላይ? መቼ ትጫወታለች?" አለችኝ። ነገሩ ለእኔ እዚያው አለቀ።

የሰፈራችን ትምህርት ቤት በእኔ እርምጃ 7 ደቂቃ ነው። በልጄ እርምጃ 11። የምታቋርጠው ዋና መንገድ አንድ ብቻ ነው። ይህን ቀላል ነገር አድርገን እናየዋለን፤ ቀላል ግን አይደለም። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ትኩሳት ያዛትና ተደወለልኝ። ማሽኑን አጥፍቼ ሮጥኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ታቅፌያት ነበር። ጓደኞቿ እዚሁ ያሉ ልጆች ናቸው። የቤት ሥራውን ሳትጽፍ የመጣች ልጅ በራችንን አንኳኩታ ትጠይቃለች። የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ በእግሬ ሄጄ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። በዓመቱ ውስጥ አንድም ስብሰባ አልቀረሁም። 40 ደቂቃ ርቆ ቢሆን ኖሮ ግማሹን እቀር ነበር።

አሁን ወደ ምዝገባው ልምጣ። ብዙ ወላጅ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ምዝገባው የሚጀምረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው ተባለ። እኔ 12 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሰልፉ አጥሩን ታክኮ ጥጉን ዞሯል። ጥበቃው ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ግፊያ እንዳይፈጠር ብለው በቁራጭ ወረቀት ተራ ቁጥር እየጻፉ ያድላሉ። ማንም አላዘዛቸውም። "ጋሼ፣ ስንተኛ ነኝ?" አልኳቸው። "113" ብለው ሰጡኝ። የመጀመሪያዎቹ የመጡት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ትንሽ ራቅ ብላ ሕፃን ያዘለች እናት ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። የምታስመዘግባት ትልቋ ልጅ ቀሚሷን ይዛ እንቅልፍ ያዳፋታል።

የሚጠየቀው ማስረጃ ብዙ አይደለም። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የነዋሪነት ማረጋገጫ፣ ፎቶግራፍ። ዋናውንም ኮፒውንም ይዛችሁ ሂዱ። ከፊቴ የነበሩ ሦስት ሰዎች ኮፒ ሊያስደርጉ ሄደው ተራቸው አለፈ።

ትምህርት ቤቱ ሦስት የአንደኛ ክፍል ምድቦች አሉት። በየክፍሉ 50፣ በድምሩ 150 ቦታ። 113ኛ ከሆንኩ እደርሳለሁ ብዬ ተረጋጋሁ። 4 ሰዓት አካባቢ አንዲት ሴት ከቢሮ ወጥታ "98 ላይ እናቆማለን" አለች። ሰልፉ ተንጫጫ። ለካ ወንድም ወይም እህት እዚያ የሚማርላቸው 52 ልጆች ከሳምንት በፊት ተመዝግበዋል።

እዚህ ላይ የሚሰማኝን ልናገር። ወንድም ወይም እህት እዚያ ያለው ልጅ ቅድሚያ ቢያገኝ ትክክል ነው። አንዲት እናት ጠዋት ጠዋት ሁለት ልጅ ይዛ ሁለት አቅጣጫ መሮጥ የለባትም። የከፋኝ ሌላ ነው። ማስታወቂያው ይህን ሁሉ ይላል፤ የተለጠፈው ግን ከበሩ በስተ ውስጥ ነው። ውጭ የቆመ ሰው አያየውም። እዚያ ልጅ ያለው ወላጅ ገባ ወጣ ሲል ያነበዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣው ግን በምን ያውቃል? ያወቀው ቀን ጠብቆ ተረጋግቶ መጣ። ያላወቀው ከሌሊት ጀምሮ ሲንቀጠቀጥ ቆመ። ያቺ እናት 101ኛ ነበረች። በሦስት ሰው ቀረባት። አልጮኸችም። ቁራጯን ወረቀት አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ልጇን ቀሰቀሰች። አንጀቴን በላችው።

ሌላም ነገር አለ። ሰልፉ ላይ በግልጽ ሲወራ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ የማይኖር ሰው በዘመድ አድራሻ ልጁን ያስመዘግባል። ለልጁ ብሎ ነው፤ ይገባኛል። ነገር ግን ቦታው ከሰማይ አይወርድም። በእግሩ መምጣት የሚችል አንድ የሰፈር ልጅ ነው የሚለቅለት። ያ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ዘመድ የሌለው ነው።

ተጠባባቂ 15ኛ ሆኜ ተመዘገብኩ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አይታ ዝም አለች። እትዬ ግን "15ኛማ ቅርብ ነው፣ አይዞህ" አሉ። እውነታቸውን ነው። ብዙ ወላጅ አንዱ ባይሆን ሌላው ብሎ ሁለት ሦስት ቦታ ይመዘገባል። ትምህርት ሲጀመር አንድ ልጅ የሚቀመጠው አንድ ቦታ ነው። ከ150ዎቹ 19ኙ ሳይመጡ ቀሩ። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ተደወለልኝ።

ስለዚህ ተጠባባቂ የሆናችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ስልካችሁ በትክክል መጻፉን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ስንተኛ እንደሆናችሁ ጠይቃችሁ ያዙ። በየሁለት በየሦስት ቀኑ ብቅ በሉ፤ በትሕትና ግን። ሪከርድ ቢሮ ያሉት ሰዎችም ያን ሰሞን እንቅልፍ የላቸውም። ሁለት ቦታ ተመዝግባችሁ አንዱን ከመረጣችሁ ደግሞ ለሌላው ደውላችሁ ንገሩ። ስትዘገዩ አንድ ልጅ ቤት ቁጭ ብሎ ሁለት ሳምንት ትምህርት ያልፈዋል። ልጄ አልፏታል። "አንድ" የሚለውን መዝሙር ሁሉም ሲያውቀው እሷ ብቻ አታውቀውም ነበር፤ ለሳምንት ሆድ ባሳት።

ሰልፉ ላይ "ይሄ ሁሉ ሕዝብ ከየት መጣ?" እያለ የሚያማርር ነበር። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው አስቤ ነበር። በኋላ ነገሩን ሳነብ ሐሳቤ ተለወጠ። ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1997 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ክፍያን ስታነሳ የተማሪው ቁጥር ከ3 ሚሊዮን ገደማ ተነስቶ ከ5 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ኬንያ በ2003 እንዲሁ ስታደርግ ከ1 ሚሊዮን በላይ ልጆች ተጨምረው መጡ። በዓመቱ፣ በ2004፣ ኪማኒ ማሩጌ የሚባሉ የ84 ዓመት አዛውንት የደንብ ልብስ ለብሰው ከትንንሾቹ ጋር አንደኛ ክፍል ገቡ። እስቲ አስቡት። መማር የሚፈልገው ሰው ድሮም ነበር፤ በሩ ነበር የተዘጋበት። በሩ ሲከፈት ክፍሉ፣ ዴስኩና መምህሩ እኩል አልደረሱም። ችግሩ ያለው እዚያ ላይ እንጂ ሌሊት ተነስቶ የተሰለፈው ወላጅ ላይ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሰልፍ ሳይ አልበሳጭም። የሚያበሳጨኝ የክፍሎቹ ቁጥር ሳይጨምር ሲቀር ነው።

ክፍሉ 50 ነው ቢባልም 50 ሆኖ አልቆየም። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ አዲስ ወደ ሰፈሩ የገቡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አመጡ። የሰፈሩ ልጅ ስለሆነ አይመለስም። በየክፍሉ 54 ደረሰ። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ቦታ ምን እንደሚሉ አየሁ። አሜሪካ ውስጥ በቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1985 ስታር የተባለ ትልቅ ሙከራ ተጀምሮ ነበር። ልጆችንና መምህራንን በዕጣ ከፋፍለው አንዱን ክፍል ከ13 እስከ 17፣ ሌላውን ከ22 እስከ 25 ልጅ አደረጉት። በአነስተኛው ክፍል የተማሩት በንባብም በሒሳብም በለጡ። ልብ በሉ፣ እነሱ "ትልቅ" የሚሉት ክፍል 25 ልጅ ያለበት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች በአንድ መምህር ከ30 እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኗል። ጃፓን ደግሞ ለመጀመሪያ ደረጃ 40 የነበረውን ጣሪያ ወደ 35 ለማውረድ በ2021 ሕጓን አሻሽላለች። ስለዚህ "54 ቢሆንም ይለመዳል" የሚለኝን ሰው አልቀበልም። አይለመድም።

ዴስኩ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ወር ልጄ የተቀመጠችው መሐል ነበር። ማታ ደብተሯን ስገልጥ ፊደሎቿ እንግዳ ሆኑብኝ። "ሐ" ሦስት እግር አላት አይደል? የእሷ "ሐ" ሦስቱ እግሮች ተጣብቀው እንደ አንድ ወፍራም ዱላ ሆነዋል። መስመሩ ሲጀምር ቀና ነው፤ እየሄደ ወደ ታች ይወርዳል። ቤት ውስጥ በሰፊ ጠረጴዛ ስትጽፍ ግን እንዲህ አይደለችም። "ክንዴ ይገፋል" አለችኝ። አስቀምጫት አየሁ። ግራና ቀኝ ሰው ካለ ክንዷን ደረቷ ላይ ለጥፋ በእጅ አንጓዋ ብቻ ነው የምትጽፈው። ነገሩ የልጅ ስንፍና ሳይሆን የ40 ሳንቲ ሜትር ጉዳይ ነው።

በማግስቱ ልናገር ሄድኩ። ተቆጥቼ ነበር። መምህርቷ ግን እኔ ሳልናገር ቀድማ አውቃዋለች። "አባቷ፣ ከሰኞ ጀምሮ እንቀይራለን" አለችኝ። ሰኞ ሰኞ ዳር ያለው ወደ መሐል ይገባል፤ መሐል የነበረው ወደ ዳር ይወጣል። በግራ እጃቸው የሚጽፉ አራት ልጆች ግን ምንጊዜም በዴስኩ ግራ ጫፍ ናቸው፤ ክንዳቸው ከጎረቤታቸው ጋር እንዳይጋጭ። እኔ ዕድሜዬን ከዕቃ ጋር ኖሬ ይህ አልመጣልኝም። ቁጣዬ እዚያው በረደ።

ከዚያ የእትዬን ጥያቄ አነሳሁ። "ቲቸር፣ አንድ ልጅ ብቻውን ሲያነብ በስንት ቀን አንዴ ይሰማሉ?" ሳታመነታ ሰማያዊ ልባስ ያለው ደብተር አወጣች። 54 ስም ተጽፏል። በየቀኑ ጠዋት ሌሎቹ ሲጽፉ ስድስት ልጅ ተራ በተራ አጠገቧ ቆሞ ያነባል። በዘጠኝ የትምህርት ቀን ሁሉም ይዳረሳል። የልጄን ስም አወጣችልኝ። ከጎኑ "ጨ እና ጠን ታምታታለች" ይላል። ከሁለት ዘጠኝ ቀን በኋላ "ለየች" ይላል። ያን ደብተር ሳይ ነው ልቤ ያረፈው። የ54 ልጅ ክፍል ውስጥ የልጄን አንዲት ፊደል የምታውቅ ሰው አለች። እዚያ ትምህርት ቤት 12 ዓመት አስተምራለች፤ ለስምንቱ ዓመት አንደኛ ክፍልን ነው የያዘችው።

ግን እሷም ሰው ናት። ድምፏ በሳምንቱ መጨረሻ ይዘጋል። ደብተር የምታርመው ቤቷ ወስዳ ነው። የሌሎቹን ሁለት ክፍሎች መምህራን አላውቃቸውም፤ እንዲህ ያለ ደብተር እንዳላቸውም አላየሁም። ልጃችሁ የትኛው ምድብ እንደሚደርሳት ደግሞ አትመርጡም።

መጸዳጃ ቤቱ ጉድለት አለበት፤ አልሸፋፍንም። ለሴቶች አራት አለ። ሁለቱ መቀርቀሪያ አልነበራቸውም። ውኃው አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ልጄ ቤት እስክትደርስ እየያዘች እንደምትመጣ ያወቅኩት በሁለተኛው ወር ነው፤ በሩን ከፍታ ሮጣ ስትገባ። የወላጅና መምህራን ኅብረቱ አንድ ቅዳሜ ሰው አሰባሰበ። መቀርቀሪያውን ሠራን፤ የሚወዛወዙ 11 ዴስኮችንም አጠበቅን። የውኃው ነገር እስካሁን እንደነበረ ነው። ትምህርት ቤት ልታዩ ስትሄዱ ከቢሮው በፊት መጸዳጃ ቤቱን አሳዩን በሉ።

ዴስኩን ላስረዝመው ብዬም አስቤ ነበር። ርእሰ መምህሩ "እስቲ ለካና ንገረን" አሉኝ። የክፍሉ ወርድ 6 ሜትር ነው። በአንድ ረድፍ ሦስት ዴስክ ጎን ለጎን ይቆማል፤ ስድስት ረድፍ አለ፤ 18 ዴስክ። አንዱን ዴስክ ለሦስት ልጅ እንዲበቃ 1 ሜትር ከ80 ባደርገው ሦስቱ 5 ሜትር ከ40 ይሆናሉ። ለመተላለፊያ የሚቀረው በጠቅላላ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። መምህርቷ በልጆቹ መሐል ማለፍ አትችልም። ዴስክ ማጠንከር እችላለሁ፤ ክፍሉን ማስፋት ግን አልችልም። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው።

ያ ወረቀት በዓመቱ አጋማሽ ስብሰባ ላይ ተነሳ። ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንዱ ፈረቃ ነው፦ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት። ክፍሉ 27 ይሆናል። ደስ ይላል። ግን የልጁ የትምህርት ሰዓት ያጥራል። ሁለቱንም ፈረቃ የምታስተምረው ያችው ድምፏ የሚዘጋው መምህርት ከሆነች ደግሞ የሰማያዊው ደብተር ነገር ያበቃለታል። ሥራ የሚውሉ ወላጆች ልጁን ግማሽ ቀን ማን ይይዘዋል አሉ። እኔም ተቃወምኩ። ሌላው ሐሳብ ዕቃ ግምጃ ቤቱን ጠርጎ አራተኛ ምድብ መክፈት ነው። 162 ልጆች ለአራት ሲካፈሉ 40 እና 41 ይሆናሉ። በዚህ ተስማማን። ክፍሉ ተጠርጓል፤ ቀለም ተቀብቷል። አንድ መምህር እንዲመደብ ተጠይቆ መልስ እየተጠበቀ ነው። ባዶ ክፍል ብቻውን አያስተምርም።

ስለ ቅጽ አንድ ነገር ልጨምር። ሌላ ከተማ የምትኖረው እህቴ የተመዘገበችው በሰልፍ አይደለም፤ ሦስት ምርጫ በቅጽ ሞልታ ነው። አንደኛ ምርጫዋ ባለ ስሙ ትምህርት ቤት ነበር። ሁለተኛው የሰፈሯ። ሁለቱንም አጣች። እንዴት ሁለቱንም? እዚያ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አንደኛ ብለው የመረጡትን ያስገባሉ፤ የእህቴ ተራ ሲደርስ የሰፈሯ ትምህርት ቤት አንደኛ ባሉት ሞልቷል። በአሜሪካ የቦስተን ከተማም ለዓመታት በዚህ መንገድ ነበር የሚመድበው። እ.ኤ.አ. በ2005 ተወው። ወላጅ የልቡን ሲጽፍ የማይጎዳበት አሠራር ተተካ። ያን ለውጥ ካገዙት አንዱ አልቪን ሮዝ ከሎይድ ሻፕሊ ጋር በ2012 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ስለዚህ ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት "ሁለተኛ ምርጫዬ የሚታየው መቼ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "አንደኛ ያሉት ከገቡ በኋላ" ከሆነ የሰፈራችሁን ትምህርት ቤት ሁለተኛ ላይ አታስቀምጡት።

እንግዲህ ልጄን እዚሁ አቆያታለሁ ወይ? አዎ። ትንሹም ሲደርስ እዚሁ ይገባል። ልዩ እገዛ የሚያስፈልገው ልጅ ያላችሁ ግን ቀድማችሁ ከመምህሩ ጋር በደንብ ተነጋገሩ፤ በ54 ልጅ መሐል ጥሩ ልብ ብቻውን አይደርስም። መስማት ወይም ማየት ትንሽ የሚቸግረው ልጅ ከፊት እንዲቀመጥ በጽሑፍ አሳውቁ። በቃል የተነገረ ነገር በዚያ ሁካታ ይረሳል።

የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ተቃርቧል። የትንሹ ጊዜ ገና ቢሆንም ባለፈው ሳምንት በዚያ አለፍኩ። በኅብረቱ ስብሰባ ላይ ያቺን እናት አንስቼ ተናግሬ ነበር። ጋሼ ጥበቃው አየኝና በጣታቸው ወደ አጥሩ ጠቆሙኝ። ማስታወቂያው በላስቲክ ተሸፍኖ ከበሩ በስተ ውጭ ተለጥፏል። የወንድምና የእህት ምዝገባ መቼ እንደሆነ፣ ለሌላው ስንት ቦታ እንደሚቀር በትልቁ ተጽፏል። ቁመቱም ልጅ ያዘለች ሴት ቀና ሳትል የምታነበው ነው።